ከልውውጡ በኋላ

ቼዝ ያስተማሩን ሰዎች ሁሉ አንድ ምክር አይረሱም፤ በጦር ከበለጥክ ለዋውጥ፣ ካነስክ ሽሽ። ስሌቱ ቀላል ነው። አምስት ለአራት ሲሆን ብልጫው አንድ ነው፤ ሁለት ለአንድ ሲሆንም ያው አንድ ነው፤ ግን እጥፍ ሆኖ ይታያል። መሣሪያ በመነመነ ቁጥር የተሸናፊው ተንኮል መውጫ ያጣል። ምክሩ ውሸት አይደለም። የሚያሳስበኝ ምክሩን የምናስታውስበት ሰዓት ነው። የምንለዋውጠው አስበን ነው ወይስ ጨንቆን?

ከዓመታት በፊት ከአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋር ስጫወት ግንብ፣ ጳጳስና አንድ የጠርዝ ወታደር ተረፈኝ፤ እሳቸው ከንጉሣቸው ሌላ አንድ ግንብ ብቻ። ያለቀለት ጨዋታ ነበር። ዳሩ ግን ያ ግንብ ከኋላም ከጎንም እየመጣ «ቼክ» ይለኛል፤ ንጉሤ መቀመጫ አጣ፤ እኔም ትዕግሥት አጣሁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው ግንባቸውን ከግንቤ ፊት አቆሙት። ተገላገልኩ ብዬ በላሁ፤ በንጉሣቸው በሉብኝ። ከዚያ ንጉሣቸው ዘወር ብሎ ወታደሬ ሊነግሥበት ወደሚሄድበት ማዕዘን ገባ። ማዕዘኑ ጥቁር ነው፤ ጳጳሴ ነጭ ነጩን ብቻ የሚረግጥ። ንጉሡን ከዚያ ጥግ ማስወጣት አይቻልም። አቻ ወጣን።

«ፈራኸኝ እንዴ ልጄ?» አሉኝ ቡናቸውን ፉት እያሉ።

ነገሩ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ እውነት ነበረና። ያን ጊዜ ብልጠት ያልኩት የዕረፍት ጥማት ነበር። ልውውጥ የባላጋራን መሣሪያ ብቻ አያስወጣም፤ የራስንም ያስወጣል፤ የወጣውም አይመለስም። ብልጫ ደግሞ ለብቻው የሚቆጠር ሀብት አይደለም። ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ አንድ ትርፍ ወታደር ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ግንቦች ሲኖሩ ግን ያው አንዱ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ጳጳሳቱ አንዱ በነጭ ሌላው በጥቁር የሚሄዱ ከሆኑ ሁለት ትርፍ እንኳ ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት እበልጣለሁ?» ሳይሆን «ምን ይቀራል?» ነው።

የኩባው ካፓብላንካ በኒውዮርክ፣ በ1924 እ.ኤ.አ.፣ ከታርታኮወር ጋር ግንብ ለግንብ ተፋጥጦ ሳለ ሁለት ወታደሮቹን በቼክ እንዲበሉበት ፈቅዶ ንጉሡን ወደፊት ነዳ፤ አሸነፈም። ቆጣሪ ሰው ያን ያደርጋል? የዓለም ሻምፒዮን ስለነበረ ነው ትሉኝ ይሆናል። ቢሆንም አደጋውን ለመሸሽ አልቸኮለም።

ከሰሌዳው ውጭስ? ከወንድሙ ጋር የተጣላ፣ እውነቱም በእጁ ያለ ሰው አውቃለሁ። ነገሩ ባለበት መሰንበቱን መሸከም አልቻለም፤ ሽማግሌውንም፣ ትዝታውንም፣ የእናታቸውንም ስም አንድ በአንድ አውጥቶ «እሺ ወይም እንቢ በል» የሚለው ጥያቄ ብቻ እስኪቀር ገፋው። ወንድምየው ጥጉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ማን ያስወጣዋል?

ስለ ጥንታዊው የአገራችን ሰንጠረዥ የተጻፈውን ሳነብ ያስገረመኝ ይኸው ነው። በዚያ ጨዋታ የባላጋራውን ጦር ጠራርጎ ንጉሡን ብቻውን ያስቀረ ሰው አሸናፊ አይባልም፤ አቻ ነው። በግንብ ወይም በፈረስ ማት ማድረግም እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ ማሸነፍ የፈለገ ለተሸናፊው አንድ ነገር መተው ነበረበት። ደግነት ነው አልልም፤ ሕግ ነው። ቢሆንም አሸናፊውን ከእያንዳንዱ ልውውጥ በፊት ቆም ብሎ የሌላውን ሰው እጅ እንዲያይ ያስገድደዋል፤ የእኛ ቼዝ ግን ይህን አይጠይቅም።

ሽማግሌው ያን ሕግ ያውቁ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።