ማን ቤት ነው የምታርፉት?

ልጆቼ፣ የፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ምደባ በተለጠፈ ቀን በመምህራን ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የምታወሩትን አውቀዋለሁ። ዱራሜ ከተማ የደረሰው ይስቃል። ከጃጁራ ወይም ከሺንሺቾ ወጣ ብላ ያለች ቀበሌ የደረሳት ፊቷ ይጠቁራል። ከዚያ መብራት አለ ወይ፣ ኔትወርክ ይሠራል ወይ፣ ኪራዩስ እንዴት ነው እየተባለ ሲጠያየቅ ይዋላል። ማን ቤት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም። ብትሰሙኝ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን የሚያሳያችሁ ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። የቀረውን የምታዩት በምታድሩበት ቤት ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ ከብቱን ማን እንደሚያስገባ፣ ደብተር የሚገለጠው በየትኛው ብርሃን እንደሆነ፣ በገበያ ቀን ክፍሉ ለምን ግማሽ እንደሚሆን። ይህን ሳታውቁ የምታወጡት የትምህርት ዕቅድ፣ አጻጻፉ ቢያምርም፣ የማታውቁት ልጅ ዕቅድ ነው።

በሰው ቤት እያደሩ ማስተማር በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ነው ያሳለፉት። በታኅሣሥ 1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ ገበሬው ሳይጠይቃቸው መልሱን ይዘውለት የሄዱም ግን ጥቂት አልነበሩም። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚወሰድበት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሀዲይሳና ከምባትሳ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። በሰው ቋንቋ ፊደል ለማስቆጠር የሄደ ወጣት፣ ወደደም ጠላም፣ ማታ ማታ ከባለቤቶቹ ዘንድ ተማሪ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት።

በሌላው ዓለምም ይህን መንገድ የያዙ አሉ። አሜሪካ ውስጥ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሠልጣኝ መምህራኑን ወደ ናቫሆ ሕዝብ ትምህርት ቤቶችና እንደ ኬንያ፣ ሕንድና አየርላንድ ወዳሉ አገሮች ሲልክ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ባሕር ማዶ የሚሄዱት በአስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት ያድራሉ፤ ከክፍል ውጭም ከአካባቢው ሰው ጋር የሚሠሩት ሥራ ይሰጣቸዋል። ለእናንተ ቤተሰብ መርጦ የሚያስረክባችሁ ቢሮ ብዙ ጊዜ የለም፤ ፈልጋችሁ የምትገቡት ራሳችሁ ናችሁ። ባሕርም አትሻገሩም። ከሆሳዕና ዱራሜ በሚኒባስ ያለው መንገድ የግማሽ ቀን እንኳ አይሆንም። ነገር ግን ሀዲይሳ ተናጋሪው ከምባታ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከሁለቱም አንዱን የማይሰማ ልጅ ከከተማ ሲመጣ፣ እንግዳነቱ ያው እንግዳነት ነው።

አሁን ስለ ቤቱ ላውራ። በሆሳዕና ዳርቻ፣ በሾኔ፣ በዱራሜ መንገድ ዳር ጣሪያው የሚያብረቀርቅ፣ መስኮቱ የተዘጋ የብሎኬት ቤት ብታዩ የሠራው ልጅ ብዙውን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ እያቆራረጡ ሲሄዱ ኖረዋል። ቤቱ የተሠራው ልጁ ሲመለስ ሊያርፍበት ነው። እናቱ አንዱን ክፍል ለመምህር የምትሰጠው ለኪራዩ ብር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላም ነው። ግድግዳው ላይ ልጁ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የተነሣው ፎቶ ይኖራል፤ ጠርዙ ላይ የሰርግ አበባ ተሰክቶበት። ልብስ ለመስቀል ብላችሁ ያንን ፎቶ እንዳታነሡት። ማታ ስልክ ሲጮህና ድምፁ ከሩቅ ሲሆን ደግሞ ምክንያት ፈልጋችሁ ወደ ውጭ ውጡ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በምትባል አውራጃ፣ በኮንቴይነር የተጫኑ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ልጁ መንገድ ላይ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ እንዴት እንዳደረ መገመት አያቅታችሁም። በእንዲህ ያለ ቤት ስልክ ተራ ዕቃ አይደለም።

ሒሳቡን በመጀመሪያው ቀን ጨርሱ። አባትየውም እናትየውም ባሉበት፣ ክፍሉ ስንት፣ ምግብ ይጨምራል አይጨምርም፣ መብራቱ እንዴት ነው ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ካላችሁ ወር ሲሞላ ሁለታችሁም ቅር ትላላችሁ፤ ቅሬታውን ግን ማንም አያወጣውም። ሴትዮዋ የምግቡን ብር አልቀበልም ካለች አትሟገቱ። በገበያ ቀን ስኳር፣ ሳሙና፣ አንድ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ግቡና ምንም ሳትናገሩ ጓዳ አስቀምጡ። ትቀበላለች።

እንሰት በሌለበት አገር ላደጋችሁት ደግሞ አንድ ነገር። ቆጮው ገና ከጉድጓድ ሲወጣ ሽታው ሊከብዳችሁ ይችላል፤ ፊታችሁን አታጨፍግጉ፣ ፊት ይታያል። ይልቅ ማታ ሴትዮዋ ቆጮውን ጣውላ ላይ ደልድላ በቢላ ደጋግማ ስትከትፈው ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ቃጫው እየተበጠሰ በጣቷ ይለቀማል፤ ያ ሥራ ካልተሠራ ቂጣው ጥርስ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ መፋቁ፣ መጭመቁ፣ መቅበሩ አለ። ይህን ሁሉ ያየ መምህር እሑድ ማታ የቤት ሥራ ያልሠራችን ልጅ ሰነፍ ብሎ ለመጥራት አፉ አይፈጥንም። ወንዶች ግን እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ ሳትጠሩ አትሂዱ፤ የሴቶች ሥራ ነው፣ በብዙ ቤት ወንድ እዚያ አካባቢ መንጎራደዱ ነውር ነው። በያሆዴ ወይም በመሳላ በዓል ሰሞን እዚያ ከሆናችሁ ቅቤ የበዛበት ቡላ ይቀርብላችኋል። የምትጾሙ ከሆነ ምግቡ ከቀረበ በኋላ ሳይሆን በገባችሁ ሳምንት ተናገሩ። ብዙው ቤት የቃለ ሕይወት ወይም የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነው፤ ማታ ጸሎት አለ። ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም አብራችሁ ዝም ብላችሁ መቀመጥ እምነት አያስቀይርም። እናንተም የራሳችሁን በራሳችሁ ክፍል ታደርጋላችሁ። በሃይማኖት ክርክር ቤት የለቀቀ መምህር ሰምቻለሁ፤ በክርክሩ የረታ ግን አልሰማሁም።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለምታስተምሩ አንድ የተለየ ነገር ልንገራችሁ። በከምባታ ያገቡ ሴቶች፣ በተለይ አሮጊቶቹ፣ የአማታቸውን ስም አይጠሩም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ክፍለ ቃል የሚጀምር ሌላ ቃል ሁሉ ከአፋቸው አይወጣም፤ በምትኩ ሌላ ቃል ይጠቀማሉ። ልማዱ ባሊሻ ይባላል። ዛሬ እየሳሳ ቢሄድም አያቶች ባሉበት ቤት ገና ይሰማል። ስለዚህ የአያቷ እጅ ላይ ያደገች ሕፃን መጽሐፉ ላይ የሌለ ቃል ብትነግራችሁ በቀይ እስክሪብቶ ለማረም አትሽቀዳደሙ። ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አሮጊቷንም ስለ አማቷ ስም እየደጋገማችሁ አታስጨንቋት፤ እናንተ የቋንቋ ጉጉት ነው የምትሉትን እሷ ድፍረት ልትለው ትችላለች።

ከሁሉ የሚከብደው የቤቱ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ የተገኘ እንደሆነ ነው፤ በትናንሽ ቀበሌዎች ደግሞ መገኘቱ አይቀርም። ጠዋት ደብተራችሁን ተሸክሞላችሁ አብሯችሁ ይወጣል። መንገድ ላይ ሌሎቹ ልጆች ያዩታል፤ እናንተ ሳታውቁት አለቃ ይሆናል። ይህን የምታቆሙት እናንተ ናችሁ። ደብተራችሁን ራሳችሁ ያዙ። ክፍል ውስጥ ከሌላው ይልቅ አትጥሩት፣ ሌላው እንዳይቀየም ብላችሁም አትጨቁኑት። ሁለተኛውን ስሕተት የሚሠሩት ጥሩዎቹ መምህራን ስለሆኑ አጠንክሬ እናገራለሁ፦ ፍትሐዊ ለመምሰል ሲሉ ያን አንድ ልጅ የሚቀጡ አሉ፣ ልጁም ምን እንዳጠፋ አይገባውም። የፈተና ጥያቄ ቤት ውስጥ አታዘጋጁ፤ ካዘጋጃችሁም ሻንጣችሁ ውስጥ ቆልፉበት። የእሱን ወረቀት የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህራችሁ እንዲያርምላችሁ ለምኑ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እናቱ ቡና እየቀዳች «ልጄ ስንተኛ ይወጣል?» ስትላችሁ ሮስተር ሲሠራ እንደሚታወቅ ንገሯትና ወሬውን ወደሚጠቅመው አዙሩት፤ ማንበብ ይወድ እንደሆነ፣ ማታ የት ተቀምጦ እንደሚያጠና። ክፍል ያጠፋውን ቤት አምጥታችሁ ለአባቱ አትክሰሱት። ቤት ያያችሁትን ገመናም ስታፍ ክፍል ወስዳችሁ የሻይ ማዋዣ አታድርጉት። አባትየው ጠጥቶ ያመሸበትን ሌሊት የሚያውቀው መምህር እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ በማግስቱ ልጁ ሲያንቀላፋ ዝም ብላችሁ አሳልፉት፤ ጥያቄም አትጠይቁት። የምታውቁት ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ቤቱ የማይሆን ቤት የሆነ እንደሆነስ? ሴቶች ልጆቼ፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ከውስጥ የማይቆለፍ ክፍል አትከራዩ። የት እንዳላችሁ ቢያንስ አንዲት ሴት መምህር ትወቅ። የቤቱ ሰውም ሆነ ዘመድ ወይም ጎረቤት እጁን ወይም ምላሱን ከዘረጋ ሽማግሌ ሰብስባችሁ የምታስታርቁት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ለርእሰ መምህሩና ለኮሌጁ አስተባባሪ ተናገሩ። «ቤተሰቡ ምን ይለኛል» የሚለውን ይሉኝታ እኔ በሌላ ቦታ አንዳንዴ ጥሩ ሲሠራ አይቻለሁ፣ እዚህ ግን አይሠራም። ወንዶችም ስሙ፦ የአከራያችሁ ልጅ ዕድሜዋ የቱንም ያህል ቢሆን ለእናንተ ተማሪ ናት። ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ መልካም ሐሳብ ልታስረዱኝ አትድከሙ።

ሌላ የማይቀርላችሁ ጥያቄ አለ። ከፍ ያለ ክፍል የሚማረው የቤቱ ልጅ አንድ ማታ «ቲቸር፣ ደመወዝህ ስንት ነው?» ይላችኋል። ወንድሙ በአንድ ጊዜ የላከውን ብር ያውቃል፤ መልሱን ሳትነግሩት ያሰላዋል። አትዋሹት። የወንድሙንም መንገድ አታንቋሹ፤ የምትተኙበት ጣሪያ ከዚያ የመጣ ነው። ትምህርት ሁሉን ያሸንፋል ብላችሁ ስበካ ብትጀምሩ ይስቅባችኋል፣ መሳቁም አይፈረድበትም። ካርታ ዘርጉለት። ከሞያሌ እስከ ጆሃንስበርግ ስንት ድንበር እንዳለ በጣቱ ይቁጠር፤ ኪሎ ሜትሩን በስኬል ያስላ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አንብቦ መፈረም የሚችልና የማይችል ሰው ድንበር ላይ ምን እንደሚገጥማቸው ተነጋገሩ። ቢሄድም ባይሄድም የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ውሳኔው የእሱና የቤተሰቡ ነው።

ፕራክቲከሙ ሲያልቅ በሚኒባስ ጥሩምባ ተጣድፋችሁ አትውጡ። የቀረ ኪራይ ካለ ክፈሉ፣ የተዋሳችሁትን ጀሪካንና ብርድ ልብስ አጥባችሁ መልሱ፣ ክፍሉን ጠርጉ። ጎረቤቱንም ዞራችሁ ተሰናበቱ፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሠልጣኝ ቤት የሚያገኘው በእናንተ ስም ነው። ለቅሶ የሰማችሁ እንደሆነ መጥታችሁ ድረሱ፤ መምጣት ካልቻላችሁ ደውሉ። ስልክ ቁጥራችሁን ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ለእማማ ስጧቸው፤ ሞባይሉ የጠፋ እንደሆነ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋልና።