ማክሰኞ ያሳየሁት ቤት



የዛሬው ጽሑፌ ቤት ለምታሻሽጠው ወንድሜ ነው። (እህቴ፣ በዚህ ሥራ ካለሽ ላንቺም ነው።) ስልክህን ይዘህ ከሰፈር ሰፈር ትዞራለህ፤ ቪዲዮ ትቀርጻለህ፣ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለህ፣ ሃያ ጊዜ ዋጋ ጠይቆ ለሚጠፋ ሰው ሃያ ጊዜ ትመልሳለህ። ሐላል ልፋት ነው። ሱረቱል ጁሙዓ ለሶላት ሲጠራ ንግዱን እንድንተው ካዘዘን በኋላ፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ላይ ተሰራጭተን የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ይነግረናል። ስለዚህ ከመስጂድ ወጥተህ ወደ ቀጠሮህ ስትሮጥ ዲንህን ከኋላህ ጥለህ እየሄድክ አይደለም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቤት ስታሳይ የሚታይብህ ያ ሞቅታ ለማን ነው? ለሚገባበት ሰው ወይስ ለኮሚሽኑ?

እኔም ለጥቂት ጊዜ ደላላ ነበርኩ። በእጄ አንድ ኮንዶሚኒየም ነበር፤ አራተኛ ፎቅ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው፣ ያማረ ቤት። ውሃ ግን በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም እስከ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ጉልበት ሲያገኝ። ለሁለት አዲስ ተጋቢዎች ያሳየሁት ማክሰኞ ነው። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው ተንዶለዶለ፣ ባሏን አይታ ፈገግ አለች። እኔም "አላህ በረካ ያድርግላችሁ፣ አዲስ ቤት አዲስ ሕይወት" ብዬ መረቅኳቸው። አንዲት ውሸት ከአፌ አልወጣችም። ብዙ ወራት ራሴን ያጽናናሁት በዚህች ነው፤ አልዋሸሁም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ታውቀዋለህ። ሰውየው ዝናብ እንደነካው ተናገረ። እሱም አልዋሸም። የተጠየቀው ግን ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ነው። ከዚያም የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነ የሚናገረው ከባድ ቃል ተከተለ። እርጥቡን ከሥር ማድረግና ቤቱን ማክሰኞ ማሳየት በምን ይለያያሉ? ፈልጌ ልዩነት አጣሁ።

"እንከኑን ሁሉ ከነገርኩ ማን ይገዛኛል?" ትለኝ ይሆናል። ሐቅ አለህ፣ አንዳንዱ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ዋጋ አስቀንሶ ይገዛል፤ የቤቱ ትክክለኛ ዋጋ ያ ነበራ! ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ በረካው የተያያዘው ገዢና ሻጭ እውነት ከመናገራቸውና ያለውን ግልጽ ከማድረጋቸው ጋር ነው። ሲደብቁ በረካው ይሄዳል። ገንዘቡ ግን እጅህ ላይ ሊቀር ይችላል፤ የሚያታልለንም ይሄው ነው። "ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ መንገድ ላይ ነው" የምትላት የሌለችው ሰው ነገርማ ግልጽ ናት። ዋጋ ለማናር የውሸት ገዢ ማቆም ነጅሽ ነው፣ ተከልክሏል።

ባለቤቱ "እርጥበቱን አትንገር፣ ቀለም ቀብተነዋል" ቢልህስ? እኔ ብሆን ያንን ቤት እመልስለታለሁ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በተለይ የቤት ኪራይህ ሲደርስ።

ቤት ሲሸጥ ከገንዘብ በላይ የሚታይ ነገር እንዳለ ያሳዩን ሰዎች ነበሩ። ቡኻሪ እንደዘገቡት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፃ የወጡ አገልጋይ አቡ ራፊዕ፣ በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ግቢ ውስጥ የነበሯቸውን ሁለት ቤቶች ሊሸጡ ፈለጉ። ሰዕድ ከአራት ሺህ በላይ አልጨምርም አሉ፤ እሱንም በየጊዜው በሚከፈል። አቡ ራፊዕ አምስት መቶ ዲናር የሰጣቸው ሰው ነበር። ጎረቤት የበለጠ መብት እንዳለው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባይሰሙ ኖሮ በዚያ ዋጋ እንደማይሰጡ ተናግረው፣ ቤቶቹን ለሰዕድ ሰጡ። ዋጋውን ያውቁታል፣ ቅር እንዳላቸውም አልደበቁም። ግን ሰጡ። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ቤት ተቀምጦ በእስቲግፋር ብቻ አያልቅም። አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ባልየውን አገኘሁት፤ በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ይዟል። አንዱን ተቀብዬው አብረን ወጣን። ቤት ገብተን ነገርኳቸው፤ ቀኑን መርጬ እንዳመጣኋቸው፣ አውፍ እንዲሉኝ፣ የተቀበልኩትንም ኮሚሽን ይዤ እንደመጣሁ። ልጅቷ ሕፃን ታቅፋ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ማክሰኞ መሆኑ በሦስተኛው ሳምንት ነው የገባን" አለች። አልሳቀችም።

ባልየው ግማሹን መለሰልኝ። በቀረው ትልቅ በርሜል ገዛን፤ ያን ቀን ከሰዓት ሁለታችን እየተጋገዝን አራተኛ ፎቅ አወጣነው። አውፍ ያለኝ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ስንቆም ነው።