ድርሰቱ የማን ነው?

አንድ ደራሲ ዓመታት የደከመበትን የልቦለድ ረቂቅ ለአርታኢ ሲሰጥ በእርግጥ የሚፈልገው ምንድን ነው? በአፉ «እውነቱን ንገረኝ» ይላል፤ በልቡ ግን ምርቃት ይጠብቃል። ወዳጅ ዘመድም ይህን ስለሚያውቅ «ግሩም ነው፣ በርታ» ብሎ ይሸኘዋል። ሙያተኛው አርታኢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ይሉኝታ አይዘውም። ታዲያ ይሉኝታ የሌለው ምክር ሁሉ ለእውነት የቆመ ነው ማለት ይቻላል?

በዚህ ረገድ የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሐርፐር ሊን ታሪክ ያህል የሚያሳስበኝ የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ለሊፒንኮት አሳታሚ ድርጅት ያቀረበችው ረቂቅ፣ ከኒው ዮርክ አላባማ ወዳለችው ትውልድ ከተማዋ ስለምትመለስ የ26 ዓመት ወጣት የሚተርክ ነበር። ወጣቷ እንደ ታቦት የምታከብራቸው አባቷ፣ ጠበቃው አቲከስ፣ ጥቁሮች ከነጮች ጋር እኩል እንዳይሆኑ ከሚመክሩ ሰዎች ጋር ስብሰባ ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። አርታኢዋ ቴይ ሆሆፍ በረቂቁ ውስጥ ተሰጥኦ አየች፤ ነገር ግን የገጠመኞች ጥርቅም እንጂ ገና ልቦለድ አልሆነም አለች። ከሁለት ዓመት በላይ ሲጻፍ፣ ሲሰረዝ፣ እንደገና ሲጻፍ ቆየ። ታሪኩ ወደ ልጅነት ዘመን ተመለሰ፤ አባትየውም በሐሰት ለተከሰሰ ጥቁር ጥብቅና የሚቆሙ ጻድቅ ሆኑ። «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» እ.ኤ.አ. በ1960 ታተመ፤ በዓመቱ የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

በሥነ ጽሑፍነቱ ከመዘንነው አርታኢዋ ትክክል ነበረች። በመጀመሪያው ረቂቅ ክርክሩ ታሪኩን ይጫነዋል። ሆኖም ደግና አዋቂ አባት ዘረኛም ሊሆን መቻሉ፣ ልጅም ይህን እያወቀች ልትወደው መገደዷ፣ ከጻድቁ ጠበቃ ታሪክ ይልቅ የሚያም እውነት ነው። ያ እውነት ከመጽሐፉ ወጣ።

እኛ አገር ቀይ እስክሪብቶ ሲነሳ ሳንሱር ትዝ ይለናል፤ እስከ 1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ድረስ ረቂቅ በመንግሥት መርማሪ እጅ ያልፍ ነበርና። አርታኢ ሳንሱር አይደለም። መርማሪ የቆረጠበት ደራሲ ምን እንደ ተወሰደበት ያውቃል፤ ይቆጫል። አርታኢ የቆረጠለት ግን ያመሰግናል፤ ብዙውን ጊዜም ማመስገን ይገባዋል። ይህንን ለሳንሱር ስንል አርታኢን የምንሸሽ ሰዎች ልብ ብንለው ደግ ነበር። ችግሩ «ይህ ምዕራፍ ይከብዳል» የሚለው አስተያየት ሁለት ነገር ሊሆን መቻሉ ነው፤ አንዱ «በደንብ አልተነገረም» ማለት ነው፣ ሌላው «ባይነገር ይሻላል»። የመጀመሪያውን የአርታኢውን ቃል አምኖ መቀበል ይቻላል። ሁለተኛውን ግን ደራሲው ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሰጠው የማይችል ይመስለኛል፤ ምክሩ የቱንም ያህል ከቅንነት ቢመጣ፣ መጽሐፉም የቱንም ያህል ቢያምር።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው ረቂቅ «ጎ ሴት ኤ ዎችማን» ተብሎ ሲወጣ ብዙ አንባቢያን አዘኑ፤ አቲከስ ተበላሹብን አሉ። አቲከስ ግን መጀመሪያ የተጻፉት እንዲያ ሆነው ነበር።