ውኃው የሚጠራው ለማን ነው?

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣ የሚያኖር ሰው፣ ውኃው ወተት ጠብ ያለበት መስሎ ሲደፈርስበት የሚገጥመው ችግር በአንድ በኩል የኬሚስትሪ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሥነ ምግባር ነው፤ ያ ገንዳ በሰው ፈቃድ የተከለለ ትንሽ ባሕር እንደ መሆኑ፣ በውስጡ ያለው ፍጡር ከክፉ ውኃ ሸሽቶ ወደ ደኅናው የሚሄድበት መንገድ የለውምና። በውቅያኖስ ውስጥ ማዕበል አሸዋውን ቢያነሣው ዓሣው ይርቃል፣ ውኃውም በብዛቱ ጉዳቱን ያቀልለዋል፤ 200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ግን ይህን ሁሉ የሚተካው የባለቤቱ እጅ ብቻ ነው። ሰው በከለለው ፍጥረት ላይ እጁን መቼ ሊያስገባ፣ መቼስ ሊሰበስብ ይገባዋል? ውኃውን ለማጥራት ሲነሣስ የሚያጠራው ለማን ብሎ ነው?

ጥያቄው ከአኳሪየም፣ ማለትም የውኃ ፍጥረታት ከሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ዓሣና ተክል አብሮ አኑሮ አንዱ ለሌላው አየር እየሰጡ እንደሚኖሩ ለማሳየት ሲጥር፣ የበሰበሱት ቅጠሎች ውኃውን አደፈረሱበት፤ እርሱም ብስባሹን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበትና ውኃው ጠራ። በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ አስተውሎት አለ፤ ዋሪንግተን ድፍርሱን በቀጥታ ከመዋጋት ይልቅ በተከለለችው ዓለም ውስጥ የጎደለው ፍጡር ማን እንደ ሆነ ጠይቋልና።

እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ «የዓሣ ቤት» ሲከፈት ከደከሙለት ሰዎች አንዱ የነበረው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ደግሞ ነገሩን ወደ ሃይማኖት ያቀርበዋል። ጎስ የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪ ሲሆን፣ የፕሊመዝ ወንድሞች የተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር አማኝም ነበር፤ በድንጋይ ሥር የተለጠፈችውን ትንሽ ፍጡር መመልከት ለእርሱ የፈጣሪን ሥራ ማድነቅ ነበረ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1854 «ዘ አኳሪየም» የተባለው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ማሰሮና መረብ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ጎረፈ፤ በዓለቶች መካከል የነበሩት ኩሬዎችም ተራቆቱ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሐዘን ጽፎታል። የአባትየው እምነት ቅን እንደ ነበር የሚያጠራጥር ነገር የለም፤ ታሪኩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ በምስጋና የተሞላ ዓይን እንኳ ለማየት ሲል ብቻ የሚያየውን ሊጎዳ ይችላልና።

ድፍርስ ውኃን በሚመለከት የመጀመሪያው ግዴታ እንግዲህ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ለዓይን አንድ የሚመስለው ድፍርስ በምክንያቱ ብዙ ነውና። ከገንዳው በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ ተቀድቶ በጥቁር ጨርቅ ፊት ቢቀመጥ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከታች ወደ ላይ እየጠራ የሚሄደው ውኃ ፓምፑ በሚነፋቸው ደቃቅ የአየር አረፋዎች የተሞላ ነበር ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ የሚታይበት ደግሞ ወይ የአዲስ አሸዋ ብናኝ አለበት፣ ወይ የውኃውን አሲድ የመቋቋም አቅም የሚጨምረው ዱቄት በአንድ ጊዜ በዝቶ ስለ ገባ፣ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ወደ ኖራ ድንጋይ ዘር ተለውጦ ወርዷል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ እንኳ ያለ ዝቃጭ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ግን ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ የፈላበት ነው፤ ይህም የተትረፈረፈ ምግብ ወይም ከድንጋይ ኋላ የሞተ ዓሣ ሲበሰብስ ይከሰታል። አረንጓዴ ከሆነ በዓይን የማይታዩ ተንሳፋፊ ዕፅዋት በዝተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሥነ ምግባሩን ጥያቄ በግልጥ የሚያወጣው የባክቴሪያው ድፍርስ ነው። በገንዳው ውስጥ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንደኞቹ ብስባሽ የሚበሉና በሰዓታት ውስጥ የሚራቡ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ከዓሣው የሚወጣውን መርዘኛ አሞንያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ፣ በድንጋይና በማጣሪያ ላይ ተጣብቀው በዝግታ የሚያድጉ ናቸው። የደነገጠ ባለቤት ውኃውን በሙሉ ቀይሮ ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ ሲያጥብ፣ የሚያጠፋው እነዚህን ዝግተኛ አገልጋዮች ነው፤ ውኃውም ለአንድ ቀን ጠርቶ አሞንያ ይሞላበታል። አሞንያ ቀለም የለውም፤ የባሕር ውኃ ፒ ኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ወደ 8.2 የሚጠጋ በመሆኑም ከአሞንያው መርዘኛ የሆነው ክፍል በዚያ ይበረታል። ስለዚህ እንደ ብርሌ የጠራ ውኃ ዓሣውን ሊገድለው፣ የደፈረሰውም ሊያኖረው ይችላል፤ ዓይን የሚወድደው ጥራትና ፍጡሩ የሚያስፈልገው ደኅንነት አንድ አይደሉም።

ከዚህ ተነሥቶ «ተፈጥሮ ራሷን ታስተካክላለች» ብሎ እጅን ማጠፍ ትዕግሥት ሊመስል ይችላል፤ በተከለለ ባሕር ውስጥ ግን አይደለም። የፈሉት ባክቴሪያዎች ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይወስዱበታል፤ በንጋት ዓሣው ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ አፉን እየከፈተና ስንጥቡን እያፋጠነ ከታየ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ዓሣውን መግደል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሰው ፍጥረትን እንዲገዛም፣ ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅም ታዝዟል፤ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ የያዘ ሰው በየቀኑ መድኃኒት ይጨምራል፣ መጠበቅን ከመተው ጋር ያመሳሰለም በገዛ እጁ የዘጋውን በር ይረሳል። ባለአደራነት ከሁለቱም ይለያል። መብል ያቆማል፣ የሞተውን ፈልጎ ያወጣል፣ የፓምፑን አፍ አቅንቶ የውኃውን ፊት ያናውጣል፣ አሞንያውን ይለካል፤ ከተገኘም በጨውና በሙቀት የተመሳሰለ አዲስ ውኃ በከፊል ይተካል። ማጣሪያውን ግን አይነካም።

አሞንያው ዜሮ ሆኖ፣ የዓሣው አተነፋፈስም ጸጥ ብሎ ውኃው ገና ነጭ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ገበያው ብናኙን አያይዞ የሚያዘቅጥ ኬሚካል ያቀርባል፤ ብዙ ሰውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ይገዛዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት በውኃው ድፍርስ የሚቸገረው ከመስታወቱ ውጭ የቆመው ሰው ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው የሚበላው ሲያልቅበት በቀናት ውስጥ ራሱ ይቀንሳልና። የማየት ፍላጎቱ ነውር ባይሆንም፣ ማምለጫ የሌለው ፍጡር በሚኖርበት ውኃ ላይ ለእርሱ የማይጠቅመውን ነገር ለማፍሰስ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።