ከገበታ መለየት ከፍቅር መለየት ነውን?

በኢትዮጵያ እንግዳን መቀበል ከሃይማኖት ሥራ ተቈጥሮ የኖረ ነገር ነው። የመሸበት መንገደኛ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ከደጅ የቆመ እንደ ሆነ፥ ዘሩንና አገሩን ሳይመረምሩ ማስገባት፥ እግሩን ማጠብ፥ ከገበታም ማቅረብ የአባቶች ልማድ ነው። እንግዳው ግን የቀረበለትን አልበላም ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ያዝናል፤ ቤቴን ንቆ ነው ብሎም ይቀየማል። ዳሩ ግን እንግዳው የማይበላው ባለቤቱን ንቆ ሳይሆን ሕጉ ከልክሎት ቢሆንስ? ከገበታ መለየት ከፍቅር መለየት ነውን?

ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በወለቃ፥ እንደዚሁም በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋራ ብዙ ዘመን በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፥ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ ኖረዋል፤ ከአንድ ገበታ ግን አልበሉም።

ሕጋቸው በግዕዝ ከሚያነቡት ከኦሪት የተወሰደ ነው። ሰኰናው የተሰነጠቀውንና የሚያመሰኳውን እንስሳ ይበላሉ፤ እሪያንና የመሰለውን ይጸየፋሉ። እስከዚህ ድረስ የኢትዮጵያ ክርስቲያንም ከእነርሱ ጋራ ነው። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። እነርሱ ሥርዐቱን የሚያውቅ የወገናቸው ሰው ያላረደውን ሥጋ አይበሉም፤ ደሙን አፍስሰው፥ የጭኑን ጅማት አውጥተው ያበስላሉ፤ ጥሬ ሥጋም አይቀምሱም። ዐርብ ፀሐይ ሳትገባ እሳታቸውን ያጠፋሉ፤ የሰንበት መብላቸውም አስቀድሞ የተሰናዳ ነው። በሌላው ዓለም ያሉት አይሁድ የተፈቀደውንና የተገባውን መብል ኮሸር ይሉታል። እነዚያ ከኦሪት ሌላ በታልሙድ የተጻፈውን የሊቃውንት ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ ታልሙድ ያልደረሳቸው የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ግን በተጻፈው ኦሪትና በአባቶቻቸው ልማድ ጸንተው ኖሩ። ክርስቲያኑም በበኩሉ በሥላሴ ስም ያልታረደውን አይበላም ነበርና፥ መለየቱ የሁለቱም ነው እንጂ የአንዱ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ መለየት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። የሕግ መለየት አለ፤ የንቀት መለየትም አለ። የሕግ መለየት ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚያኖረው ሸክም ነው። የራበው ሰው ምግብ በፊቱ ቀርቦ ሳለ እጁን ሲሰበስብ የሚጎዳው ራሱ ነው። የንቀት መለየት ግን በሌላው ትከሻ ላይ የሚጫን ነው፤ የናቀው ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ የተናቀው ግን ስሙንና እንጀራውን ያጣል። በቤተ እስራኤል ላይ የደረሰው ይህ ሁለተኛው ነበር። ወንዶቻቸው ማረሻ ቀጥቅጠው፥ ሴቶቻቸው ድስትና ጋን ሠርተው ለገበያ ያወጡ ነበር። ጎረቤትም በማረሻቸው እያረሰ፥ በድስታቸው ወጥ እየሠራ፥ ሠሪዎቹን ቡዳ ናቸው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይላቸው ነበር። ስለ ንጽሕና ብለው አዘውትረው ቢታጠቡ ውኃ ውኃ ይሸታሉ ተባሉ። ብዙዎቹም ርስት አጥተው የሌላውን መሬት በእኩል ሲያርሱ ኖሩ። ይህን ሁሉ ያመጣው ሌዋውያን አይደለም፤ የሰው ልብ ነው።

ስለ መብል የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ የዳንኤልንና የሠለስቱ ደቂቅን ነገር ያስብ። አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል ከዳንኤል ጋራ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሲያድጉ ከንጉሡ ማዕድ አንበላም ብለው ጥራጥሬና ውኃ መረጡ። ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ታመሰግናቸዋለች እንጂ እንግዳ ተቀባያቸውን ሰደቡ ብላ አትነቅፋቸውም። ደግሞ በዐቢይ ጾም ወደ ሩቅ አገር የሄደ ክርስቲያን ሥጋና ቅቤ ቢያቀርቡለት እጁን ይሰበስባል፤ ባለቤቱን ንቄአለሁ ብሎም አያስብም። ታዲያ ለራሱ የሚፈቅደውን ለጎረቤቱ ስለ ምን ይከለክላል?

ዳሩ ግን ከዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። ቤተ እስራኤል ከሌላ ወገን ጋራ የተነካኩ እንደ ሆነ ወደ መንደራቸው ከመግባታቸው በፊት ይታጠቡ ነበር፤ ሰላምታ የሰጠውን እጅ በውኃ ማጠብ ጎረቤትን ማቍሰል አይደለምን? ይህ ተቃውሞ ውሸት ነው ሊባል አይቻልም። ሕግ ጠባቂውም ዕዳ አለበትና። ዳንኤል የንጉሡን ሹም አልተሳደበም፤ ለዐሥር ቀን እንዲፈትናቸው በትሕትና ለመነው እንጂ። ሹሙም አረማዊ ሲሆን ልመናውን ሰማ፤ የማያምንበትን ሕግ ስለ ሰዎቹ ሲል አከበረ። እንዲሁ ሕግ ጠባቂው እንቢታውን በትሕትና ይናገር፤ ባለቤቱም ያለ ቂም ይቀበል። በኢትዮጵያም ይህን ያወቁ ሰዎች ነበሩ። በሰርግ ጊዜ ክርስቲያኑ ለቤተ እስራኤል ጎረቤቱ ያልታረደ በግ ወይም ፍየል ይሰጠው ነበር፤ ያም በገዛ ካራው ዐርዶ፥ በገዛ ዕቃው ሠርቶ ከወገኖቹ ጋራ ይበላል። ገበታው ሁለት ነበር፤ ደስታው ግን አንድ።

ደግሞ ገበታ አንድ መሆኑ ብቻውን ፍቅርን እንደማያመጣ የኋላው ታሪክ ያስረዳል። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በብዙ መከራ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 16 እና 17 ቀን ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ስለ ኦሪት ብለው ከጎረቤት ተለይተው የኖሩት ሰዎች ወደዚያ ሲደርሱ፥ የአይሁድ ሹማምንተ ሃይማኖት አይሁድነታቸውን ተጠራጥረው በውኃ የመጥለቅ ሥርዐት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው። እነርሱም በ1978 ዓ.ም. መስከረም በኢየሩሳሌም ዐደባባይ ወጥተው አቤት አሉ። የካህናቶቻቸውም ዕርድ እንደ ኮሸር አልተቈጠረም። እነሆ፥ በአንድ ሕግ ሥር ሆኖ መናናቅ ይቻላል፤ በሁለት ሕግ ሥር ሆኖም መከባበር ይቻላል።

በወለቃ የጸሎት ቤታቸው ቀርቷል፤ የሸክላውም ሥራ በጎረቤት ሴቶች እጅ ቀጥሏል። ከሄዱት ወገን ልጆችና የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን መንደር ለማየት ይመለሳሉ፤ ከሌላም አገር የመጡ አይሁድ አብረው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው እንግዳ ማደሪያ ጠይቆ ከተዘጋጀው ወጥ አልበላም ቢል ባለቤቱ ምን ያድርግ?

መልሱ ከመንደሩ ሥራ ውስጥ ይገኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን የረከሰ የእንጨት ዕቃ ይታጠባል፤ የረከሰ የሸክላ ዕቃ ግን ይሰበራል፤ ሸክላ የገባበትን አይለቅምና። አዲስ የሸክላ ድስት ግን ምንም መብል ያልነካው ነው። ባለቤቱም አዲስ ድስት፥ ንጹሕ ውኃ፥ ያልተሰበረ ዕንቍላል፥ ያልተላጠ ፍሬ፥ ያልተቦካ ዱቄት፥ እንጨትና እሳት ያቅርብለት፤ እንግዳውም በገዛ እጁ ያብስል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የተቀበላቸውን እንግዶች ያስተናገደው ካለው መልካሙን መርጦ በማቅረብ ነበር። ለዚህ እንግዳ መልካሙ ሕሊናው የሚፈቅድለት ነው። ያን ጊዜ እንግዳው ያበሰለው በራሱ እጅ ቢሆንም፥ ቤቱና እሳቱ የባለቤቱ ናቸው፤ የተቀባዩም ክብር አይጎድልም።