ጥርሱ ለተበላ የዘይት ማፍሰሻ

ልጄ፣ ቡሬ ላይ የራስህን ጋራዥ ልትከፍት እንደሆነ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ስለ ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ሳልነግርህ ግን አልሸኝህም፤ የስንቱን አሮጌ ሞተር ሳይክል ዕድሜ ያሳጠረው ይኸው ነው።

ቡሎኑ ብረት ነው፣ የሚገባበት አካል አሉሚኒየም። ሁለቱ ሲታገሉ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ማፍሰሻ የሚፈልገው ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ ስንዝር በሚያህል ቁልፍ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግፊት ማለት። ቧንቧ ሰክተህ ቁልፉን ሦስት ስንዝር ካደረስከው በዚያው ጉልበት ሦስት እጥፍ ታጠብቃለህ። ዘይት አንጠባጠበ ብለው ቡሎኑን ያንቁታል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጨፍልቆ ያለቀው ሮንዴላ ነው። እሱን ቀይር።

ቡሎኑ እየዞረ አልጠብቅ ካለህ እዚያው አቁም። ክር ጠምጥሞ፣ ቴፍሎን አልብሶ፣ ሙጫ ቀብቶ መሸኘት አለ፤ አንተ ዘንድ እንዳላይ! ከጅጋ ወደ ቋሪት የሚወጣ ሰው ሞተሩን ድንጋይ ከሥር እየመታው ነው የሚሄደው። ቡሎኑ መንገድ ላይ ቢወድቅ ዘይቱ ባንዴ ያልቅና ሞተሩ ይነክሳል፤ ሰውዬውም ጭነቱን ይዞ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የቀዳዳው ዙሪያ ወፍራም ከሆነ 12 የነበረውን በ12.5 ፑንታ በስተህ ለ14 ቡሎን ጥርስ ታወጣለህ። እኔ የምመርጠው ግን ቦኮላ ነው፤ ቶርኖ ቤት ከብረት ያስቀረጽከው፣ ውጩም ውስጡም ጥርስ ያለው፣ የቀድሞውን 12 ቡሎን የሚቀበል። ከዚያ ወዲያ ብረት ከብረት ነው የሚገናኘው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ፍቅፋቂውን ነው። ጥርስ ማውጫውን ግራሶ ቀባው፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያልክ ሂድ፤ ደጋግመህ አውጥተህ ጥረገው። በማግኔት እለቅመዋለሁ እንዳትል፣ አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም። ስትጨርስ ከላይ ርካሽ ዘይት እየጨመርክ በቀዳዳው አፍስስ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር እስኪጠፋ አትተወው። የቀረው ፍቅፋቂ ከዘይቱ ጋር ይዞራል።

ቦኮላውን ከማስገባትህ በፊት ጥርሶቹን በቤንዚን አጽዳ፤ የጥርስ ማጣበቂያ ቀብተህ አጥብቀውና ይደር። ባለቤቱ የፍኖተ ሰላም ገበያ ሳይበተን ልድረስ ብሎ ቢያጣድፍህም፣ ነገ ጧት ና በለው።