አንድ ሰው ሁለት ጊዜ

አንድ የእድር ጸሐፊ ነበሩ። መዝገባቸው እንደ አገልግል ነበር፤ የአባሉን ስም ሲከፍቱት ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እናት አባቱ፣ የከፈለው መዋጮ ሳይቀር በዚያው መስመር ታጭቆ ይገኛል። ቦታ ሲጠብባቸው ኅዳጉ ላይ ይጽፋሉ፣ ኅዳጉ ሲሞላ ወረቀት በስፒል ያያይዛሉ።

በዚያ ሰፈር ሁለት ልጆቻቸው የእድሩ አባል የሆኑ አሮጊት ነበሩ። በታላቅየው መስመር በዓለም ስማቸው፣ በታናሽየው መስመር በክርስትና ስማቸው ተጽፈዋል። ሲያርፉ ገንዘቡን ታላቅየው ተቀበለ፤ ጸሐፊውም ከእሱ መስመር ሰረዟቸው። በዓመቱ እድሩ ለአረጋውያን ጋቢ ሲያድል፣ የክርስትና ስማቸው በጉባኤው ፊት ተጠራ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ታናሽየው ተነሥቶ ወጣ።

የገንዘብ ያዡ ልጅ የዳታቤዝ ተማሪ ነበረች። «አባባ፣ ሰው የሚሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ በእርስዎ መዝገብ ላይ ግን ሁለት ጊዜ መሞት አለበት» አለቻቸው። ሦስት ደብተር አዘጋጀች፤ አንዱ የአባላት፣ አንዱ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥርና አንድ መስመር የሚሰጥ፣ ሦስተኛው ማን ለማን ምኑ እንደሆነ በቁጥር ብቻ የሚያያይዝ።

ነገሩ የእሷ ፈጠራ አልነበረም። ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ በአይቢኤም ሲሠራ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ምሳሌ ቁርጥ የጸሐፊውን መዝገብ ይመስላል፤ በሠራተኛው ውስጥ ልጆቹና የሥራ ታሪኩ፣ በሥራ ታሪኩ ውስጥ ደግሞ የደመወዝ ታሪኩ። ኮድ አንዱን ከአንዱ ሆድ አውጥቶ፣ የባለቤቱን መለያ አስይዞ፣ ለየብቻ ሰንጠረዥ አደረጋቸው። ይህን ሥራ ነው ኖርማላይዜሽን ያለው።

አንድ ሌሊት ጥሩምባ ነፊው በር አንኳኳ። መብራት ጠፍቷል፤ ልጅቱ የሟቹን ቤተሰብ ፍለጋ በሻማ ከደብተር ደብተር ስትገላብጥ ቆየች። «በእኔ መዝገብ ቢሆን ይሄኔ ጥሩምባው ተነፍቶ ነበር» አሉ ጸሐፊው። እውነታቸውን ነው፤ ቤተሰቡን ባንድ ገለጣ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ ከሦስቱ ደብተሮች አውጣጥታ የየቤቱን ሰው በየቤቱ የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጀችና የድንኳኑ ማስቀመጫ በር ላይ ለጠፈችው። ጸሐፊው ቀረብ ብለው አነበቡት፤ ደስ አላቸው። አንድ ስም ተሳስቶ አዩና እስክሪብቷቸውን አወጡ። ልጅቱ እጃቸውን ያዘች።

«እዚህ ላይ አይደለም፣ አባባ።»

መነጽራቸውን አደረጉና ሁለተኛውን ደብተር ገለጡ።